ኢንቨርተሩ ዛሬም ይጮኻል

ከባለፈው ቅዳሜ ጀምሮ «ኢንቨርተሩ እንዴት ሆነ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ያ የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ሳጥን ዛሬም ይጮኻል። ግን ጋራዥ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ውዬ ጩኸቱ አንድ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ለይቻለሁ። ሁለቱን አጥፍቻለሁ። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

አንደኛው ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው የማራገቢያው ነው። ክዳኑን ከመፍታቴ በፊት ከባትሪው ለይቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከጠፋም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ እባካችሁ ማንም ቸኩሎ እጁን እንዳይከት። አራቱን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትቼ ሳነሳው አቧራው ግራጫ ጥጥ መስሎ ተጋግሯል። ክንፉን በጣቴ ነካ ሳደርገው ወዲያና ወዲህ ይወላገዳል፤ ኩሽኔታው አልቋል። ዘይት ጠብ አደረግሁበት፣ አምስት ደቂቃ ጸጥ አለና መልሶ ጀመረው። ልኩን ለክቼ አዲስ ገዛሁለት። እሱ አለቀ።

ሁለተኛው ያ ጲጵ ጲጵ የሚለው ነው። ባትሪው ሞቷል ያላችሁኝ ነበራችሁ፤ አልሞተም። ሥራ ላይ እያለ በቴስተር ስለካው ባትሪው ጫፍ ላይ 12.5 ቮልት አለ፣ ኢንቨርተሩ ጫፍ ላይ ግን 10.9። መንገድ ላይ የጠፋው ገመዱ የበላው ነው። ሻጩ አብሮ የሰጠኝ ገመድ ላስቲኩ ወፍራም፣ ውስጡ ግን ክር የሚያህል ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ 1000 ዋት ለማውጣት ከ80 አምፔር በላይ ማለፍ አለበት፤ ያን ሁሉ በዚያ ገመድ መላክ የቀበሌ ቧንቧን ውሃ በመርፌ ቀዳዳ እንደ ማሳለፍ ነው። ወፍራምና አጭር ገመድ ቀየርኩ፣ የላላውን ብሎን አጠበቅኩ፣ ጲጵታው ቆመ።

ባለቤቴ ደስታዬን ሰምታ መጣችና «ምጣዱን ያነሳል?» አለችኝ። ምጣዱ 1500 ዋት ነው፣ አያነሳም አልኳት። «ታዲያ ምኑን ኢንቨርተር ሆነ!» ብላ ሄደች። ከልቤ ሳቅኩ። ቀኑን ሙሉ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሦስተኛው እንግዲህ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ ማራገቢያ ስሰካበት ሞተሩ ንብ የገባበት ቀፎ ይሆናል። ግድግዳው ላይ ስሰካው ድምፁ አይሰማም። አርሊንግተን የሚማረው የእህቴ ልጅ ከሰዓት በኋላ ኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪኩን ቅርጽ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ፣ ይዞልኝ መጣ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሞገድ አይደለም፤ ደረጃ ነው። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ዜሮ ላይ ያርፋል፣ እንደገና። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ሞዲፋይድ ነው» አለኝ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ፒውር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም ንጹህ ሞገድ፣ ነበር።

ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። አምፖል ለማብራት፣ ስልክ ለመሙላት ያ ደረጃ ችግር የለውም። ሞተር ያለው ነገር ግን ይንጫጫል፣ ያለ ልኩ ይሞቃል። እኔ ኢንቨርተሩን የገዛሁት ደግሞ መብራት ሲሄድ የእማዬን የኦክስጅን ማሽን እንዲያስነሳልኝ ነው። እሱ ውስጥ ያለው ኮምፕረሰር ነው፤ መመሪያውም ንጹህ ሞገድ ይፈልጋል።

የ2013ን የካቲት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እዚህ ቴክሳስ ፌብሯሪ 2021 የሚሉትን፣ በብርዱ መብራት የጠፋበትን። ጋርላንድ ያለው ቤታችን መብራት የሄደው ሰኞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። ማግስቱን ዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት ላይ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለካ። ደሴ ያደግን ሰዎች ብርድ እናውቃለን፤ እንዲህ ያለውን ግን አናውቅም። ልጆቼን ካልሲ ላይ ካልሲ፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ሳሎን ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ አስተኛኋቸው። ደሴ እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጅ ሁሉ «መጣ!» ብሎ ይጮህ ነበር። የኔ ልጆች ያን ጩኸት አያውቁትም ነበር። በዚያ ሳምንት ከአያታቸው ተማሩት።

በኋላ ሳነብ ነው ከምን ለጥቂት እንደተረፍን የገባኝ። የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መስመር በአብዛኛው ከሌሎቹ ስቴቶች ተነጥሎ ለብቻው የቆመ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ መምታት ያለበት ያ መረብ በዚያች ሌሊት ወደ 59.3 ወርዶ ነበር። ከ59.4 በታች ዘጠኝ ደቂቃ ቢቆይ ኖሮ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ተከታትለው ይጠፉ ነበር። 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲቀረው ተመለሰ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ማንኛውም ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም ቆሜ አዳምጣለሁ።

ሁለተኛው ቀን ማታ የከሰል ማንደጃውን ከጓሮ ላስገባ ተነሳሁ። ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ምን ላድርግ? እማዬ በሩ ላይ ቆመች። «ከዚህ በር ከሰል ይዘህ አታልፍም» አለች፣ እጇን መቃኑ ላይ ዘርግታ። በልጅነቷ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ከሰል አፍኖት ሲወጣ አይታለች። ተጨቃጨቅኳት። ድምፄንም ከፍ አደረግሁባት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

በዚያው ሳምንት ሂውስተን ውስጥ ከኛው ወገን የሆነች እናት ከትንሽ ልጇ ጋር አረፈች። ለሙቀት ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው ነበር። አባትና ወንድ ልጅ ሆስፒታል ገብተው ተረፉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ድምፅ የለው። ስቴቱ ባወጣው ቆጠራ በዚያ ብርድ የሞተው ሰው 246 ነው። እኔ ግን ቁጥሩን ስሰማ የምትታየኝ ያቺ ልጅ ናት፤ ከኔዋ ልጅ ጋር እኩያ ልትሆን ትችላለች።

አሁንም የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። በዚያ ሳምንት ስልኬ ላይ የገባው ማስጠንቀቂያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ መስመር፣ «ከሰል ቤት ውስጥ አታንድዱ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አታስነሱ» የሚል አንድ መስመር አማርኛ ማን ይጎዳ ነበር? ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግቢው ሙሉ ሰው አለ፤ ግማሹ እናት አባት ነው፣ እንግሊዝኛ አያነብም። ስለዚህ እኔው እጽፋለሁ፦ ከሰልም፣ ጀነሬተርም፣ የተነሳ መኪናም ቤትና ጋራዥ ውስጥ አይሁን፣ በሩ ቢከፈትም። ኢንቨርተርም ሆነ ጀነሬተር ግድግዳ ሶኬት ውስጥ አይሰካ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭ ተመልሶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ የሌላችሁ ነገ ግዙ። ለወላጆቻችሁ ይህን አንብቡላቸው።

ለሻጩ የስክሪኑን ፎቶ ላክሁለት። አይቶታል፣ መልስ የለም። የሄደውን ገንዘብ ይብላው። ያ «ፒውር ሳይን ዌቭ» የሚለው ቃል ግን እማዬ አፍንጫ ላይ የሚያርፍ ቃል ነበር፤ እሱ ይህን ባያውቅም ማስታወቂያው ላይ ሲጽፈው እውነት መሆኑን ማወቅ ነበረበት። እኔም ፓርኪንግ ሎት ውስጥ መኪናዬን ሳላጠፋ ነው ከፍዬ የመጣሁት፣ በሚቀጥለው ቀን ዝናብና ነፋስ ይመጣል ስለተባለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እማዬ አንድ ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደር አላት፣ አትጨነቁ። ማሽኗን በዚህ ዕቃ አልሞከርኩም፣ አልሞክርምም። ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን፣ ፕሌኖ አካባቢ 1000 ዋት ፒውር ሳይን ያለው፣ መሸጥ የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ያናግረኝ። የእህቴን ልጅ ከነኦሲሎስኮፑ ይዤው እመጣለሁ፣ ሞተር ሰክተን አብረን እንሰማዋለን።

እማዬ እየጠራችኝ ነው፣ ሄድኩ።