አራዌሎ ፀጉር ቤት ስትገባ

ከሐርጌሳ ወደ ምሥራቅ ርቀው ሲሄዱ፣ በሳናግ አገር፣ የአራዌሎ መቃብር ነው የሚባል የድንጋይ ክምር አለ። ወንድ በዚያ ሲያልፍ ድንጋይ ይወረውርበታል፤ ሴት ደግሞ ለምለም ቅጠል ታኖርበታለች ይባላል። ይህን የሰማሁት እዚሁ ሐርጌሳ ፀጉር በምሠራበት ቤት ነው። መጋረጃው ተጋርዶ፣ ሻሹ ሁሉ ወርዶ፣ ኡንሲ የሚሉት ዕጣን ሲጨስ የማይወራ ነገር የለም።

አራዌሎ ንግሥት ናት፤ የተረት ንግሥት ስለሆነች ግን ዘመኗን አትፈልጉ። እንደሚተረከው፣ ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሥራ እንዲያቆሙ አሳደመች። ወንዶቹ ልጅ ሲያዝሉና ድስት ሲያማስሉ እሷ ሥልጣኑን ጠቅልላ ያዘች። እስከዚህ ድረስ ደንበኞቼ በሳቅ ያጅባሉ። ቀጥሎ ያለው ግን ያስደነግጣል፤ ወንዶቹን ሰለበቻቸው። ያመለጣት ኦዳይ ቢቃይ የሚባል አንድ ብልህ ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱም ተደብቆ ንግሥቲቱ የምታወጣውን እንቆቅልሽ ለወንዶቹ ይፈታላቸዋል። በሁለቱም በኩል ፀጉር ያለው ቆዳ አምጡ ብትላቸው የአህያ ጆሮ ውሰዱላት አላቸው። (ይህን በሙያዬ ምክንያት እኔም ልመልሰው ይገባኝ ነበር።) በኋላ የአራዌሎ ልጅ ወንድ ወለደች። አያትየዋ ይሰለብ አለች። እናቱ አንዴ እየለመነች፣ አንዴ ዛሬ ነገ እያለች አሳደገችው፤ እሱም ጎርምሶ አያቱን በጦር ገደላት።

እኛም ኢትዮጵያውያን ንግሥት ጉዲት አለችን። ለጉዲት ቅጠል ያኖረ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሌላው ዓለም ጀግና ሴት ሲፈልግ አስቦ ይፈጥራል። የኮሚክ መጽሐፍ ጀግናዋ ወንደር ዉማን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ስትወለድ ፈጣሪዋ ዊልያም ማርስተን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ በደም ግፊት ውሸትን ለመለየት ብዙ የደከመ ሰው። ለጀግናዋም ያሰረችውን ሁሉ እውነት የሚያናግር ገመድ አስያዛት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ያመጣችልን ብሩክታዊት ጥጋቡ ጥበብ ገርልስ የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶችን በካርቱን ፈጥራለች፤ ያለዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን ነገር ይጋፈጣሉ። ለእህቴ ልጆች አሳይቻቸዋለሁ፤ ወደዋቸዋል። ለእኔ ግን በልክ እንደተሰፋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሆኑብኛል። አራዌሎን አርአያ ትሁን ብሎ ያሰናዳት የለም። ሴት ከሠለጠነች የሚመጣው ይህ ነው ለማለት ወንዶች ሲያስፈራሩባት ኖሩ፤ ሴቶቹ ማስፈራሪያውን ተቀብለው ለራሳቸው አዋሉት። ድፍረት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ፍሩ ተብሎ ከተነገረ ተረት።

ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ጫት የምትሸጥ ደንበኛ አለችኝ። የአወዳይ ጫት በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ከተማ እስኪገባ ድረስ እኔ ዘንድ ትቀመጣለች፤ መኪኖቹ መድረሳቸውን ስትሰማ ፀጉሯ ተሠራ አልተሠራ ግድ የላትም፣ ሻሿን ጥላ ትሮጣለች። አንድ ቀን አከራዬ ከመጋረጃው ማዶ ቆሞ ኪራይ ልጨምር ነው አለኝ። እንደ ልማዴ «እሺ» ልል ስል ከማድረቂያው ሥር «ተጠንቀቅ፣ አራዌሎ እዚህ አለች!» የሚል የእሷ ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ ሳቁ፣ ሰውዬውም ሳቀ። በሳቁ መሀል «ምን ተጨምሮልኝ ነው የምጨምረው?» አልኩት። ኪራዩ መጨመሩ አልቀረም፤ ግን ከጠየቀው ግማሹን ነው።

ርኅራኄን ግን አራዌሎ ዘንድ አትፈልጉት። ያለው እኔ በሰማሁት ተረት ስሟ እንኳ በማይነሳው ልጇ ዘንድ ነው። በእሷ ብዙ ተከራክረናል። «እናቷን ከዳች» የሚሉ አሉ፤ «ልጇን ምን ታድርገው?» የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ወንዶቹ በዚህ ደስ እንደሚላቸው ባውቅም።

ድፍረትንና ርኅራኄን ባንድ ሰው ላይ ማየት የፈለገ የኤድና አደን እስማኢልን ታሪክ ይስማ። ሐርጌሳ ተወልደው እንግሊዝ አገር በአዋላጅነት የሠለጠኑ ናቸው። የሴት ልጅ ግርዛትን ብዙ ሰው በአደባባይ በማያነሳበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ ተነሥተው ተናገሩ። ከዓለም ጤና ድርጅት ሥራቸው ጡረታ ሲወጡም ንብረታቸውን ሸጠው፣ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ፣ በዚያው አቆጣጠር በ2002 የወሊድ ሆስፒታል ከፈቱ።

ያቺ ጫት ሻጭ ይህን ሁሉ አትተርክም። ባለፈው ግን የአንዱ ባለዕዳዋ ሚስት ሌሊት ምጥ ያዛት፤ ባል መርቅኖ የት እንደገባ አልታወቀም። ታክሲ አስቁማ ኤድና ሆስፒታል ያደረሰቻት፣ እስኪነጋም ደጃፍ ላይ የጠበቀቻት እሷ ናት። ሚስትየዋ ወንድ ልጅ ተገላገለች። በሳምንቱ አባትየው ሊያመሰግን ወደ ዳሷ መጣ። ምስጋናውን ተቀበለች፤ ሕፃኑን አላህ ያሳድገው ብላ መረቀች፤ ከዚያ የዕዳ ደብተሯን ገለጠች።