ሦስት ወንበሮችና አንዲት አህያ

ባለፈው የካቲት መባቻ እናቴ አዲስ አበባ ላይ አረፈች። ታናሽ እህቴ ከሳውዝሃምፕተን ሌሊቱን ተጉዛ፣ ሁለት የለንደን ዘመዶቻችንን አስከትላ፣ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳች። ስከፍት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋትም።

የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከኢትዮጵያ በስተቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል። እህቴም የያዘችው እንደኔው ያንኑ ነው። ስለዚህ ቀብሩን ያየነው በስልክ ነው። የአክስታችን ልጅ ከለቀስተኛው መካከል ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ያሳየን ነበር። አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥቶ ወደ መቃብሩ ሲታጠፍ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ደጋግመን ብንደውልም አልመለስ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነገሩን በቃል ነው።

እህቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። ሰውም በየአቅጣጫው መጣ፤ እዝን ይዞ የመጣውን አገራችን ትቁጠርልን። ሰው ሲበተን ግን አንድ የማፍርበት ነገር ጀመርኩ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከእህቴ መደርደሪያ የፍቅር ልቦለድ አንስቼ አነብ ነበር። መጽሐፉ የጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት በዚሁ አገር ለዲግሪዬ ስማር ለፈተና ብቻ ያነበብኩት። እናቷ የሞተችባት፣ የምትወደውን ሰው ስምንት ዓመት ያጣች ሴት ታሪክ ነው። የእህቴ ኮቴ ሲሰማኝ ከትራስ ሥር እደብቀዋለሁ። እናቱ የሞተችበት ሰው የፍቅር ታሪክ ያነባል? ያውም እየሳቀ?

የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ እህቴ፣ «ጋሼ፣ ግድግዳውን ቆጥረህ ጨረስከው እኮ። ተነስ፣ ያቺን ትራስ ሥር የምትደብቃትን ሴትዮ ቤት እንይ» አለችኝ። ለካስ ታውቅ ኖሯል!

ከሳውዝሃምፕተን ዊንቸስተር በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ኦልተን የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ወርደን ጥቂት በእግራችን ተጉዘን ቾተን የምትባል መንደር ገባን። ቤቱ በቀይ ጡብ የተሠራ ነው። ባለጸጋ ወንድሟ ኤድዋርድ ለእናቱና ለእህቶቹ ያለ ኪራይ የሰጣቸው ነው። ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. ከ1809 እስከ 1817 እዚህ ኖረች። ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየም ነው።

የአንድ ትልቅ ደራሲ ቤት ስጎበኝ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ባለ ብዙ ጎን የሆነች፣ አንድ የቡና ረከቦት ቢቀመጥባት ሌላ ቦታ የማይተርፋት ጠረጴዛ ነው። ዓለም የሚያነባቸው የፍቅር ታሪኮች የተጻፉት በዚያች ላይ ነው። በሕይወት ሳለች የታተሙት አራቱ መጻሕፍት ስሟን አልያዙም። ከቤት ሥራ የእሷ ድርሻ የጠዋቱ ቁርስ ነበር፤ ከቁርስ በፊት ፒያኖ ትጫወታለች፣ በሦስት ሰዓት ሻይ ታፈላለች። የሻይና የስኳሩ ቁልፍም በእጇ ነው። በዚያ ዘመን ሻይ በቁልፍ የሚጠበቅ ውድ ዕቃ ነበር።

ክፉው ወራቷ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። በመጋቢት 1816 የወንድሟ የሄንሪ ባንክ ከሠረ፤ ቤተ ዘመዱም ገንዘቡን አጣ። በዚያው ዓመት እሷም መታመም ጀመረች። በጥር 1817 «ሳንዲተን» የተባለውን ልቦለድ ጀምራ፣ በማርች 18 አሥራ ሁለት ምዕራፍ ላይ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ አልቀጠለችውም። በዚያው ወር መጨረሻ ሀብታም አጎቷ ሞተ። ቤተሰቡ ሁሉ ከኑዛዜው ተስፋ ያደርግ ነበር፤ አጎትየው ግን ሁሉን ለሚስቱ ትቶ ሄደ፤ ለነጄን የታሰበው ሚስቲቱ ካለፈች በኋላ ብቻ የሚደርስ ነበር። ድንጋጤው በሽታዋን እንደቀሰቀሰው ለታናሽ ወንድሟ በጻፈችው ደብዳቤ እያፈረች ተናዛለች።

ታዲያ በዚያ ወር ምን አጽናናት? ከክፍል ወደ ክፍል ስዘዋወር የፈለግሁት እሱን ነው። ያገኘሁትም ይህን ነው።

አንደኛ፣ አህያ። በእግሯ መሄድ ሲያቅታት በአህያ ወጣ ማለት ጀመረች፤ እንደወደደችውም ለወንድሟ ልጅ ጽፋለች። ቤተሰቡ ይገለገልበት የነበረው በአህያ የሚጎተት ትንሽ ጋሪ ዛሬም ግቢው ውስጥ ቆሟል። እህቴ አይታው፣ «እማማ ብታየው እንዴት ትስቅ ነበር! ‹ለአህያ ደግሞ ሠረገላ!› ትል ነበር» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከመርዶው ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

ሁለተኛ፣ ወንበሮች። በቤቱ የነበረችው አንዲት ሶፋ ናት። ሰባ ሰባት ዓመት የሆናት እናቷ ትተኛባታለች። ታማሚዋ ሁለት ሦስት ወንበር ገጥማ እነሱ ላይ ጋደም ትልና ተመችቶኛል ትላለች። እናቷ ከክፍሉ ስትወጣ እንኳ ሶፋው ላይ አትወጣም። ምክንያቱን ስትጠየቅ፣ እኔ ከተጠቀምኩባት እናቴ ይቅርብኝ ትላለች ብላ ነው። ምቾት ማለት ለእሷ የራሷ ጎን ማረፍ ብቻ አልነበረም፤ እናቷ ሳትሳቀቅ ስትተኛ ማየት ነበር።

ሦስተኛ፣ እህት። ከኑዛዜው ድንጋጤ በኋላ እህቷ ካሳንድራ ከአጎታቸው ቀብር እንድትመለስላት ለመነች፤ ካሳንድራም መጣች። ጄን በማግስቱ ተሻላት።

በኤፕሪል መጨረሻ የራሷን ኑዛዜ ጻፈች። የነበራትን ለካሳንድራ ስትተው፣ ሃምሳ ፓውንድ ለሄንሪ፣ ሃምሳ ፓውንድ ደግሞ ለሄንሪ የቤት ሠራተኛ ለማዳም ቢዦን ሰጠች። ይህች ሴት በአብዮቱ ዘመን ከፈረንሳይ ተሰዳ የመጣች አሮጊት ናት። በሞት አፋፍ ላይ ሆና አንዲት ስደተኛ ማስታወሷን ሳነብ ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

በሜይ 24 ሐኪም ፍለጋ ወደ ዊንቸስተር ወሰዷት። መንገዱ አሥራ ስድስት ማይል ነው፤ እኛ በአውቶቡስ የተመለስንበት ነው። እሷ በጋሪ፣ ወንድሟ ሄንሪና አንድ የወንድሟ ልጅ ግን ከጎኗ በፈረስ ሆነው ዝናብ እየቀጠቀጣቸው ሄዱ። እሷን ያስጨነቃት ሕመሟ ሳይሆን የእነሱ መበስበስ ነበር።

በዊንቸስተር ካቴድራል ጀርባ ኮሌጅ ስትሪት ቁጥር 8 ያረፈችበት ቤት አለ። የጎረቤቱኮሌጅ ንብረት ስለሆነ ሁልጊዜ ለጎብኚ አይከፈትም። ከመንገዱ ላይ ቆመን ወደ ውጭ የወጣውን መስኮት አየን። በመጨረሻው ሌሊት ካሳንድራ ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ የእህቷን ጭንቅላት ስድስት ሰዓት ያህል ደገፈች። ጁላይ 18 ቀን 1817 ሊነጋጋ ሲል፣ በአርባ አንድ ዓመቷ አረፈች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለእህቴ ስነግራት ድምፄ ተቆረጠ። በዚያ ዘመን በእነሱ ወግ ሴቶች ቀብር አይወጡም ነበር። ጁላይ 24 አስከሬኑን ወንዶቹ ይዘው ሲሄዱ ካሳንድራ ቤት ቀረች። የቀብሩን ጉዞ መንገዱን ጨርሶ እስኪታጠፍ በዓይኗ ተከተለች። ከታጠፈ በኋላ ያለውን አላየችም።

እህቴ ወደ መንገዱ ጫፍ ዞር ብላ ዝም ብላ ቆየች። «እሷም እንደኛ ማጠፊያው ላይ ተቋረጠባት» አለች። ስልኩን ማለቷ ነው። በአርባ ቀን ውስጥ ሰው ካለኝ ሁሉ ይህን ያህል ያጽናናኝ የለም። ቀብር ላይ አለመቆም ለሁለታችን ብቻ የተሰጠ ቅጣት መስሎኝ ነበር።

ካቴድራሉ ውስጥ ወለሉ ላይ ያለው ጥቁር የመቃብር ድንጋይ ስለ ደግነቷና ስለ አእምሮዋ ይናገራል፤ ልቦለድ መጻፏን ግን አይጠቅስም። ያንን የሚጠቅሰው ሰሌዳ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው በ1872 ነው። ጥቂት ቆምን፤ እህቴ ጫማዋን ልታወልቅ ዳድቷት ነበር፤ ወጣን።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ስደተኞች ሐዘናችን ትልቅ ስለሆነ ትንሿ ምቾት ክህደት ትመስለናለች። ጄን ኦስተን ግን በዚያ ክፉ ወር ትልቅ ነገር አልተሰጣትም። ገንዘቡ ቀረ፣ ጤናው ቀረ፣ የጀመረችው መጽሐፍ ሳያልቅ ቀረ። የቀሯት አህያ፣ ጥቂት ወንበሮችና እህት ናቸው፤ እነሱንም አልናቀቻቸውም። በከተማችሁ ሐዘን የገባበት ቤት ካለ ብዙ ቃል አታዘጋጁ። ወንበር ስባችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

ማታ እህቴ ጀበናውን ጣደች። መጽሐፉን ከትራስ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእማማ ፎቶግራፍ ጎን አስቀመጥኩት።