መጨረሻ የነካኸው

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ደባርቅ የምኖር፣ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ያለችኝ፣ ካቻቢቴና ጥቂት ቁልፎች ስላሉኝ ብቻ እጄ የማያርፍ ሰው ነኝ። ሰሞኑን እጄ የመሪውን ፓምፕ ነካ።

ፓምፑ ካረጀ ቆይቷል። ከሥሩ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ጠዋት በደባርቅ ብርድ ሞተር ሳስነሳ ያጉረመርማል። ጎንደር ወርጄ ያገለገለ ፓምፕ ገዛሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ቺንጋውን አላልቼ፣ ሁለቱን ቱቦዎች ነቅዬ፣ አሮጌውን አውጥቼ አዲሱን (አዲሱን አሮጌ ማለቴ ነው) ገጠምሁ። ዘይት ሞላሁ። ሞተር አስነስቼ መሪውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዞርሁት። በአንድ ጣት የሚዞር ሆነ። ለጋራዥ የምከፍለውን ብር በልቤ እየቆጠርሁ እጄን ታጥቤ ቡና ጠጣሁ።

ሰኞ ማለዳ አራት ኩንታል ድንች ጭኜ፣ የጎረቤቴን ልጅ ጋቢና አስቀምጬ፣ ወደ እህቴ ወደ ዛሪማ ተነሳሁ።

ሊማሊሞን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ከደባርቅ ትንሽ ወጣ እንዳላችሁ ደጋው ድንገት ያልቅና መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል። ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው መንገድ እየታጠፈ፣ መልሶ እየታጠፈ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደባርቅ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ ሰው ዛሪማ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። እዚያው አፋፉ፣ ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር መስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ መንገዱ ግን ቀረ። ቃላቱም ቀሩ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ቡሎን። ፓወር ስቲሪንግ ግን እንግሊዝኛ ነው። ምክንያቱ የመጣበት ዘመን ይመስለኛል። ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሠርቶ አሳይቶት የነበረ ቢሆንም፣ ለገበያ በቀረበ የቤት መኪና ላይ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፣ ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ። ጣልያን ከወጣ ከአሥር ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በሊማሊሞ መጀመሪያ የወረዱት ሾፌሮች መሪ ያዞሩ የነበረው በክንዳቸው ነበር።

እኔም በክንዴ ልሞክረው ሆነ። የመጀመሪያዎቹን እጥፋቶች በሰላም አለፍሁ። ከዚያ አንዱ ጠባብ እጥፋት ላይ መሪው መሃል መንገድ ላይ ደነደነ። ተጭኜ ስገፋው ድንገት ላላና ጎማው ካሰብሁት በላይ ወደ ገደሉ ዞረ። ፓምፑ ጥጃዋን እንደነጠሏት ላም ያቃስታል። መሪ ዝም ብሎ ቢከብድ ሰው ይለምደዋል፤ አንዴ ከብዶ አንዴ የሚቀል መሪ ግን አይታመንም። (ስለ መኪና ነው የማወራው።)

ልጁ “ጋሼ፣ ሞተሩን አጥፍተን በቁልቁለቱ ቀስ እያልን ብንወርድስ?” አለኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ይህን የሚያደርጉ ሾፌሮች አይቶ ነው። ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ ያለችው ትንሽ እገዛም ትሄዳለች። መሪው ከጎማው ጋር በብረት የተያያዘ ስለሆነ መዞሩን አያቆምም፤ ብቻ ይከብዳል። የባሰው ፍሬኑ ነው። የፍሬኑም አጋዥ ኃይሉን የሚያገኘው ሞተሩ ሲሠራ ነው፤ ሞተር ከጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ስትረግጡት የተጠራቀመው ያልቅና ድንጋይ ይሆናል። በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ከኋላዬ የተሰለፉት አይሱዙዎች ክላክስ እያምባረቁብኝ ወረድሁ። መንገዱ ሰፋ ካለበት ቆሜ ኮፈኑን ከፈትሁ። የመሪው ዘይት ገና እንደተቀዳ ጠላ አረፋ ደፍቋል።

ዛሪማ ስገባ ድንቹን ከማራገፌ በፊት ሻይ ቤት ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ዘንድ ወሰዱኝ። በደጉ ዘመን ተሳቢ የነዱ ናቸው። የማስበውን ሁሉ ዘረዘርሁላቸው፦ ጎንደር ላይ የሸጠልኝ ሰው አታሎኛል፣ ፓምፑ የሞተ ነው፣ ካልሆነም የመሪው ሳጥን ተበልቷል።

“ምኑን ነካኸው?” አሉኝ።

“ፓምፑን ቀየርሁ እንጂ፣ ግን እኮ ሳጥኑም...”

“መጨረሻ የነካኸውን ነው የጠየቅሁህ። ሳጥኑን ነካኸው?”

አልነካሁትም። የነካሁት ፓምፑን፣ ቺንጋውንና ሁለቱን ቱቦዎች ነው። እጃቸውን ከፓምፑ ጎን ከትተው ከዘይት ማጠራቀሚያዋ የሚመጣውን ቱቦ ወዘወዙት፤ ቱቦው ቦታው ላይ ዞረ። ማሰሪያውን አሮጌውን ነበር የመለስሁት፤ ዝጎ ጥርሱ አልቋል፣ አይጨብጥም።

አንድ ቀን ሙሉ የገረመኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። እኔ ከሥሩ ዘይት ይንጠባጠብ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጠብታ የለም፤ ስለዚህ ቱቦው ደህና ነው ብዬ ነበር። ለካ ያ ቱቦ ፓምፑ የሚጠባበት ወገን ነው። ግፊት ያለበት ወገን ቢላላ ዘይት ወደ ውጭ ይረጫል፤ የሚጠባው ወገን ሲላላ ግን አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ መሬቱ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። ፓምፕ ዘይት እንጂ አየር ገፍቶ ጎማ አያዞርም። ጠባብ እጥፋት ላይ ደግሞ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፣ ፓምፑም አብሮ ይደክማል፤ እገዛው የሚያስፈልገው ግን ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ችኮላ ነው፤ ፓምፑን ገጥሜ አየሩን ሳላስወጣ ነው የተነሳሁት። ፊቱን በክሪክ አነሳነው፣ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ለቀቁ። ሞተሩ እንደጠፋ መሪውን ከዳር እስከ ዳር፣ በዝግታ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ አዞርሁ፤ ልጁ ማጠራቀሚያዋን እያየ ዘይት በጎደለ ቁጥር ይጨምራል። አረፋው ፏ ፏ እያለ ወጣ። ማዞሩ ሲያልቅ ክንዴ ዝሏል። ከዚያ ሞተር አስነስተን መልሰን ደገምነው፤ ዳር ላይ ስደርስ “አትያዘው፣ ልቀቀው!” ይሉኛል፤ መሪን ዳር አድርሶ መያዝ ፓምፑን ያነደዋል። ጩኸቱ ጠፋ። ቅዳሜ ዕለት ይህን ብሠራ ሃያ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ሌላም ነገር ነገሩኝ፣ ባጭሩ ላውራው። መሪ ዳር ሲደርስ የሚያፏጭ መኪና ቺንጋው ላልቷል። ዘይት ጎደለ ብሎ የፍሬን ዘይት የሚጨምር ሰው ጎሚኒዎቹን በገንዘቡ ያበላሻል፤ እንደኔ ያለ አሮጌ ቶዮታ የሚፈልገው ቀዩን ኤቲኤፍ ነው። የመሪውን ዘንግ ጫፍ ቀይሮ መሪው ተጣምሞ የቀረበት ደግሞ ፓምፑን ሳይሆን የጎማውን አቅጣጫ ያስለካ።

እንደኔ ዓይነቱ ሰው እየበዛ ይመስለኛል። በ2012 የኤክሳይዝ ታክሱ አዋጅ ያገለገለ መኪና ተወደደ፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። በእጃችን ያለውን አሮጌ እየጠገንን እንቆያለን ማለት ነው። እንዲገቡ በሚፈቀዱት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ መሪውን የሚያግዘው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ ዘይትም ቺንጋም የለው፤ የዚያን ጣጣ ባለቤቶቹ ይጻፉልን።

ሊማሊሞን ልትወርዱ መኪና የጠገናችሁ ካላችሁ፣ መሪውን ግቢያችሁ ውስጥ አዙራችሁ ጨርሱ። እኔ ማሰሪያውን ዛሪማ በአዲስ ቀየርሁ። የድንቹን ዋጋ ግን እህቴ እስካሁን አልከፈለችኝም።