አዲሷ መርከብና የቆዩ ደንበኞቿ



ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ማንሣታችንን ለጊዜው ገታ አድርገን ወደ አንድ የሩቅ አገር ወደብ ይዘናችሁ እንሄዳለን። «መርከብን ከሴቶችና ከቤተሰብ ገጽ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አንፈርድም። ሆኖም እስከ መጨረሻው ብትከተሉን ነገሩ ከጓዳችን እምብዛም ያልራቀ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ግን አስቀድመን እናስታውሳለን።

የምንሄድበት ከተማ ሳውዝሃምፕተን ይባላል። በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከለንደን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ቴስትና ኢችን የተባሉ ሁለት ወንዞች ተገናኝተው ወደ ባሕር የሚገቡበት ሥፍራ ሲሆን፣ ዋይት የተባለችው ደሴት ከፊት ለፊቱ ሆና እንደ አጥር ትከልለዋለች። ከዚህም ሌላ ተፈጥሮ ለዚህ ወደብ አንድ ስጦታ ሰጥታዋለች። ይኸውም የባሕሩ ሙላት ቶሎ የማይጎድልና እንዲያውም ደግሞ የሚሞላ በመሆኑ፣ ትልልቅ መርከቦች ለመግባትም ለመውጣትም ሰፊ ጊዜ ያገኛሉ።

እዚያ ስትደርሱ በቅድሚያ ሜይፍላወር ወደሚባለው መናፈሻ ብቅ በሉ። መናፈሻው በ1620 ከዚህ ወደብ ተነሥታ ወደ አሜሪካ ባቀናችው መርከብ ስም የሚጠራ ነው። ከውኃው ዳር ስለሆነ የከተማው ሰው መርከብ ሊቀበልና ሊሸኝ ሲወጣ ከሚቆምባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ነው። ሳውዝሃምፕተኖች መርከብን የሚያዩት እኛ ባቡር ወይም አውቶቡስ እንደምናየው አይደለም። መርከብ ለእነርሱ እንጀራ ነው፤ ኀዘንም ነው። በሚያዝያ ወር 1912 በዘመኑ አዲስ የነበረችው ታይታኒክ የተነሣችው ከዚሁ ወደብ ሲሆን፣ ከሰጠሙት ሠራተኞች አብዛኞቹ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። ከአንዲት ከተማ ከ500 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት መሞቱን ስታስቡ፣ በስንቱ ቤት ድንኳን እንደ ተተከለ ያህል ይሰማችኋል። ስለዚህም አዲስ መርከብ በመጣ ቁጥር ከተማው በደስታ ቢወጣም ከደስታው ሥር ሌላ ትዝታ አለ።

ሚያዝያ 30 ቀን 2024 እንዲህ ያለች አዲስ መርከብ በማለዳ ወደዚህ ወደብ ገባች። ስሟ ኩዊን አን ይባላል። ኩናርድ የተባለው ኩባንያ በጣሊያን አገር በቬኒስ አጠገብ በሚገኘው በማርጌራ የመርከብ መሥሪያ ያሠራት ስትሆን፣ 322 ሜትር ርዝመት አላት፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ መንገደኞችንም ትይዛለች። ኩባንያው አዲስ መርከብ ካስመጣ 14 ዓመት ያህል ሆኖት ስለነበር የቆዩ ደንበኞቹ ቀኑን በጉጉት ሲጠብቁ ነበር። በግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ መንገደኞቿን አሳፍራ ከሳውዝሃምፕተን ተነሣች።

ለእኛ ለሴቶች ደስ የሚለው ደግሞ መርከቧን እየመራች ያመጣቻት ሴት መሆኗ ነው። ካፒቴን ኢንገር ክላይን ቶርሃውገ በሰሜን አትላንቲክ ከምትገኘው የፋሮ ደሴቶች አገር የተወለደች ስትሆን፣ በ2010 በኩባንያው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ለመሆን በቅታለች። ኩባንያው በ1840 ሥራ የጀመረ መሆኑን ካሰባችሁ፣ አንዲት ሴት በዚያ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ 170 ዓመት መጠበቅ አስፈልጓል ማለት ነው። ለመርከብ ስም የማውጣትና ጠርሙስ የመስበሩ ክብር ግን ለብዙ ዘመን ለሴቶች ሲሰጥ የቆየ ነው። ስሟን ታወጣለች፣ ትመርቃለች፣ ከዚያም ዳር ቆማ ትሸኛለች። መሪውን እስክትይዝ ድረስ የሄደችበት መንገድ ረጅም ነበር።

አሁን ወደ መንገደኞቹ እንመለስ። በሽርሽር መርከብ የሚጓዙ ሰዎች፣ በተለይም በዕድሜ የገፉት፣ ለመርከቦቻቸው ያላቸው ፍቅር ለሠፈር ካለን ፍቅር ጋር የሚመሳሰል ነው። አንዲቱን መርከብ አሥርና ሃያ ጊዜ የተሳፈረ ሰው አለ። የሚቀመጥበትን ወንበር ያውቃል፤ አስተናጋጁ ሻዩን በስንት ስኳር እንደሚያቀርብለት ሳይጠየቅ ያውቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው አዲስ መርከብ ውስጥ ሲገባ እንደ ጎብኚ ሳይሆን አዲስ ቤት እንደ ተከራየች እመቤት ነው የሚሆነው። መሳቢያውን ይስባል፤ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ የልብስ መስቀያውን ይቆጥራል። መታጠቢያ ቤቱን ያያል፣ ፍራሹን ይጫናል። ከዚያ በኋላ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ከሌላው መንገደኛ ጋር ክርክሩን ይጀምራል።

በኩዊን አን ላይም የሆነው ይኸው ነው። አንዳንዱ ቀለሟ ብሩህ፣ አየሯ ቀላል ነው፤ የመመገቢያ ቦታዎቿ በመብዛታቸው ሰው እንደ ፍላጎቱ መርጦ ይበላል ሲል አመሰገነ። ሌላው ደግሞ የጥንቱ ጥቁር እንጨትና ከበድ ያለ ግርማ ጎደላት፤ መርከብ ሳትሆን በባሕር ላይ የተቀመጠች ሆቴል ናት አለ። የቀፎዋ ንድፍ ከእኅት ኩባንያ መርከቦች የተወሰደ መሆኑን የሚያውቁት «ልብሱ የእኛ ነው፤ አካሉ ግን የጎረቤት ነው» ዓይነት ቅሬታ ማሰማታቸው አልቀረም። ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲያቀርቡ ያዩ ደግሞ «እንግዲያውስ ቤታችን ናት» ብለው ተጽናኑ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ባሕር ተሻግሮም ይሠራል።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢያን፣ ይህን ቅሬታ የሽማግሌ ንጭንጭ ነው ብላችሁ አትለፉት። አንዲት ባልቴት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ከባሏ ጋር ለብዙ ዓመት በአንዲት አሮጌ መርከብ ተጉዛለች። ባሏ ካረፈ በኋላም በዚያችው መርከብ ብቻዋን ትሄድ ነበር፤ ምክንያቱም በዚያ የእንጨት ወለል ላይ አብረው ተራምደዋል፤ በዚያች ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ኩባንያው ግን አሮጌዪቱን ሸጠና «ከእርሷ የተሻለች አዲስ አምጥተናል» አላት። እርግጥ ነው፣ አዲሷ ትሻላለች። አልጋዋ ይሰፋል፤ መስኮቷ ይበራል። ነገር ግን ባሏ እዚያ ውስጥ አንድም ቀን አልተቀመጠም። እንዲህ ያለችው ሴት «መሳቢያው ጠባብ ነው» ስትል የምትናገረው ስለ መሳቢያው ብቻ እንዳልሆነ የምታስተውሉ ይመስለናል።

የዚህ ነገር ሌላው ገጽ ደግሞ ከታሪክ ይገኛል። ከዚሁ ወደብ ወደ 40 ዓመት ያህል ያገለገለች ኩዊን ኤልሳቤጥ 2 የምትባል መርከብ ነበረች። በ1969 ሥራ ስትጀምር ብዙዎቹ የቆዩ ደንበኞች አልወደዷትም ነበር። ጭስ መውጫዋ የኩባንያው የተለመደ ቀይ ቀለም የሌለበት አንድ ቀጭን ነገር መሆኑ፣ የቤት ዕቃዋም ዘመናዊ መሆኑ ቅር አሰኛቸው። በዚያ ላይ የሞተሯ ተርባይን በሙከራ ጊዜ ስለ ተበላሸ ኩባንያው አልረከብም ብሎ ቆይቶ ነበር። ያቺው «ከመጠን በላይ አዲስ» የተባለች መርከብ ኅዳር 11 ቀን 2008 ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ዱባይ ስትነሣ ግን ብዙ ሺህ ሕዝብ ወጥቶ በእንባና በርችት ሸኛት። በዚያ ዕለት ጧት ወደ ወደቡ ስትገባ በአሸዋ ክምር ላይ ተይዛ ጎታች ጀልባዎች ነበሩ ያላቀቋት፤ መሄዱን የጠላች ይመስል ነበር። ከ2018 ጀምሮ በዱባይ ወደብ ቆማ ሆቴል ሆናለች።

በ2004 የተተካችው ኩዊን ሜሪ 2 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በሴንት ናዜር የተሠራች ስትሆን 345 ሜትር ርዝመት አላት። የተሰየመችው ጥር 8 ቀን 2004፣ ማለትም በእኛ የገና ማግስት፣ በዚሁ በሳውዝሃምፕተን ነበር። ስለ እርሷ ሲወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ኅዳር 15 ቀን 2003 መርከቧ ከመሥሪያዋ ሳትወጣ መሸጋገሪያ ድልድዩ ተደርምሶ 16 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው የሠሩትን ሥራ ለማየት የመጡ የሠራተኞች ቤተሰቦች ነበሩ። አባት ለልጁ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ ሊያሳይ የጠራበት ቀን ነበር። ስለዚህ በአማረ አዳራሽ ውስጥ ስንቆም ከግድግዳው በስተጀርባ የስንት ሰው እጅና የስንት ቤት ኀዘን እንዳለ ማሰብ ይገባል።

የሚሠሩትን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። በእነዚህ መርከቦች ጧት ብዙ ሺህ መንገደኛ ይወርዳል፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ብዙ ሺህ ይሳፈራል። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ሰዓቶች አንሶላው ሁሉ ይለወጣል፤ መታጠቢያው ሁሉ ይፈገፈጋል፤ አትክልቱ፣ ሥጋው፣ ወተቱ በገፍ ይጫናል። በዓውዳመት ዋዜማ ቤቷን ያጸዳች እህት የዚህን ትርጉም ታውቃለች፤ እነርሱ ግን ዓውዳመታቸው በየሳምንቱ ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከፊሊፒንስና ከሕንድ የመጡ ሲሆኑ ልጆቻቸውን ለአያትና ለእህት ትተው ለብዙ ወራት ባሕር ላይ ይቆያሉ። መንገደኛው አዲሷ መርከብ ሞቅታ እንደ ጎደላት ሲናገር፣ ያ ሞቅታ የሚመጣው ከእነዚህ ሰዎች ፈገግታ መሆኑን ማስታወስ አለበት። ሠራተኛውም እኮ ለአዲሷ ቤት አዲስ ነው፤ ማንኪያው የት እንደ ተቀመጠ ገና እየፈለገ ነው።

ሌላም ልብ ያልነው ነገር አለ። መርከቧ አንዲት ብትሆንም ማዕዷ አንድ አይደለም። ከፍተኛ ዋጋ የከፈለው የሚበላበት አዳራሽ ሌላ፣ መካከለኛው የሚበላበት ሌላ ነው። ባሕሩ ሲናወጥ ግን ሁሉንም እኩል ያናውጣቸዋል።

ከመናፈሻው ከመመለሳችሁ በፊት የመርከቧን የኋላ ገጽ ተመልከቱ። መኖሪያ ወደቧ ሳውዝሃምፕተን ሆኖ ሳለ የተጻፈው ስም ግን የቤርሙዳዋ ከተማ ሃሚልተን ነው። ምክንያቱ ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። በእንግሊዝ አገር በተመዘገበች መርከብ ላይ ካፒቴኑ ጋብቻ ለማስፈጸም ሕጉ አይፈቅድለትም ነበር፤ የቤርሙዳ ሕግ ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ በ2011 ኩባንያው በባሕር ላይ ሠርግ ለማካሄድ ሲል የመርከቦቹን ምዝገባ አዛወረ። የሳውዝሃምፕተን ሰዎች የከተማቸው ስም ከመርከቦቹ ጀርባ ሲፋቅ ቅር አላቸው። ሙሽሮች ደስ ሲላቸው ሌላው ማዘኑ በሠርግ ቤትም ያለ ነገር ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ጓዳችን እንመለሳለን ያልነው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ምጣድ ገዝታ ያልጋገረች እናት በመካከላችን የለችም። የመጀመሪያው ቀን እንጀራው ይጣበቃል፤ ዓይኑ አይወጣም፤ «አሮጌው ይሻለኝ ነበር» ታሰኛለች። ባለሙያዋ እመቤት ግን ምጣዱን አትወረውረውም። በጎመን ዘር ታሟሸዋለች፤ ደጋግማ ትጋግርበታለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያ የተጠላው ምጣድ የቤቱ ምጣድ ይሆናል። መርከብም፣ አዲስ ቤትም፣ አዲስ ሠፈርም፣ በቤታችን የገባች አዲስ ምራትም እንዲሁ ናቸው። ፍርዱ ለመጀመሪያው ቀን አይሰጥም።

ይህን ስንል ግን «የሽማግሌዎቹን ቅሬታ አትስሙ» ማለታችን አይደለም። እናታችሁን ከኖረችበት ቤት አውጥታችሁ ወደተሻለ ቤት ስታገቧት፣ ስለ መስኮቱ ብታማርር ስለ መስኮቱ ብቻ መልስ አትስጡ። ከአሮጌው ቤት ምን ይዛ መምጣት እንደምትፈልግ ጠይቋት። አንዲት በርጩማ፣ አንድ የቡና ረከቦት፣ አንድ ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። የባሏ እጅ የነካው አንድ ዕቃ በአዲሱ ቤት ውስጥ ቦታ ካገኘ እርሷም ቦታ ታገኛለች።

ወደ ማታ ኩዊን አን ሦስት ጊዜ ጡሩንባዋን ነፍታ ከወደቡ ስትለይ በመናፈሻው ያሉት ሁሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ዛሬ አያቷን ይዛ የቆመችው ትንሽ ልጅ አንድ ቀን፣ ከ40 ዓመት በኋላ ይሆናል፣ ይህችኑ መርከብ በእንባ ትሸኛት ይሆናል። ያን ጊዜ በቦታዋ የምትገባውን አዲስ መርከብ አይታ «እንደ ድሮዋ አይደለችም» ማለቷ አይቀርም። እኛም እስከዚያው ድረስ በየቤታችን የገቡትን አዳዲስ ምጣዶች በትዕግሥት እናሟሽ።