ይርገጡ አባባ

የፍሬን ካሊፐር ነክሶ ሲቀር አይደበቅም። መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትስባለች፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፤ ቸርኬው እጅ አያስጠጋም። የአባቴ አሮጌ ቶዮታ ይህን ሁሉ ታሳይ ነበር።

ጠላቱ ዝገት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበቱም ፒስተኑን ቀስ በቀስ ይበላዋል። አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ የሚቆየው ዶት 3፣ እርጥበት ሲገባበት መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል።

ሁለቱን የፊት ካሊፐሮች በግቢያችን ፈትቼ አዳዲሶቹን አሰርሁ፤ የግራውን በግራ፣ የቀኙን በቀኝ። ማስተንፈሻዋ ቡሎን ከላይ ካልሆነች አየሩ ተደብቆ ይቀራልና። (አንዳንድ መካኒክ ይህን ይንቃል፤ ፔዳሉ ግን አይንቅም።)

ከዚያ አባቴን ከመሪው ኋላ አስቀመጥኋቸው። 78 ዓመታቸው ነው። ከዘይቱ መያዣ የራቀውን የቀኙን አስቀደምን።

«ይርገጡ አባባ።»

«ረግጫለሁ።»

ቡሎኗን ሩብ ዙር እከፍታለሁ፤ አረፋ ያዘለ ዘይት በቀጭኗ ቱቦ ወደ ጠርሙሱ ይወርዳል።

«እንዳይለቁ!» እዘጋለሁ። «አሁን ይልቀቁ።»

ዘይት አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። በመስመሩ ውስጥ የቀረ አረፋ የእግርን ኃይል ይሰርቃል።

እህቶቼ መኪናዋ እንደተበላሸች እንድትቀር ፈልገው ነበር። የአባታችን ዓይን ደክሟል፤ እሷ ከቆመች እሳቸውም መንዳት ይተዋሉ ብለው። ለእኔ ግን ነገሩን ለብልሽት መተው ክብር የጎደለው መሰለኝ። «ይብቃዎት» የሚላቸው ልጃቸው እንጂ የዛገ ብረት ሊሆን አይገባም።

አረፋው ጠፋ፤ ፔዳሉ ጠነከረ። «እግሬን መለስህልኝ» አሉ፣ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው። እጄን ታጥቤ፣ በሌላው በር ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ ስለ ዓይንዎ እንነጋገር» አልኋቸው።