ጋቢናው ለማን ነው?

በእኛ አገር ገበያ፣ ሻጭ ገንዘቡን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ገዢን ፈልጎ አያውቅም። ፈላጊው ሁልጊዜ ገዢው ነው። ከሮብ ገበያ በቅሎ ገዝቶ የሄደ ሰው፣ በሳምንቱ በቅሎዋ ስታነክስ ወይም ስትራገጥ ቢያገኛት፣ ሻጩን ለመያዝ የሚቀጥለውን ረቡዕ ጠብቆ ገበያውን ሲያስስ ይውላል። ሻጩ ደግሞ በዚያ ረቡዕ ገበያ መውጣት አያሰኘውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ሕጉ ይበል እንጂ፣ ሻጭ ራሱ ተነሥቶ «የሸጥሁልህ ነገር እንከን አለበትና አምጣው፤ በነፃ ልጠግንልህ» ሲል የሰማ ማን ነው? ቢሰማስ ማን ያምነዋል?

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እኔ አዲስ አበባ፣ አጎቴ ሮብ ገበያ፣ ሁለታችንም ከዱባይ የገቡ ያገለገሉ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች አሉን። የእኔዋ ከቤት ወደ ሥራ ታመላልሰኛለች። የአጎቴ ግን እንጀራቸው ናት። በገበያ ቀን ሰው ከነዕቃው ይጭናሉ፤ በሌላው ቀን ሕመምተኛ ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ያደርሳሉ፤ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ሙሽራ ይይዛሉ። አንድ የማውቀው መካኒክ ከሁለታችን ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን ወስዶ በፋብሪካው መዝገብ ቢያስገባው፣ ሁለቱም መኪኖች የተጠሩ ሆነው ተገኙ። የጋቢናው ኤርባግ እንዲቀየር ፋብሪካው ከጠራቸው ዓመታት አልፈዋል። ጥሪው ግን ለመጀመሪያው ባለቤት የተላከ ነውና እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ለመሆኑ ጉዱ ምንድን ነው? ኤርባግ ማለት በመሪው እምብርትና በጋቢናው ፊት ለፊት፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠ ከረጢት ነው። መኪና ሲጋጭ ዓይን ተርገብግቦ እስኪመለስ ባለው ጊዜ በጋዝ ተነፍቶ ደረትንና ፊትን ይቀበላል። ጋዙን የሚያወጣው በብረት ቀፎ የታሸገ ተቀጣጣይ ቅመም ነው። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ የመረጠው ቅመም አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ በብዙ አገር ማዳበሪያ ሆኖ እርሻ ላይ የሚበተነው ማለት ነው። ርካሽ ነው፤ ችግሩ እርጥበት ይወዳል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ለዓመታት ሲፈራረቁበት፣ ከእርጥበቱ ጋር ሆኖ፣ ጠንካራው ቅመም ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል። የተፈረፈረው ደግሞ ሲቀጣጠል ከልክ በላይ ፈጥኖ ይነዳል። ያን ጊዜ የብረት ቀፎው ራሱ ይፈነዳና ስባሪው በከረጢቱ ውስጥ አልፎ ሰው ላይ ይረጫል።

የቢቸና ገበሬ ይህን ለመረዳት የኬሚስትሪ መምህር አያስፈልገውም። አፉ ተከፍቶ ክረምቱን የከረመ የማዳበሪያ ጆንያ ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። ልዩነቱ የእሱ ጆንያ ጓዳ ተቀምጦ ሲበላሽ ማየቱ ነው። የመኪናው ጆንያ ግን ዳሽቦርድ ውስጥ ተሸሽጓል፤ እንደ ፍሬን አያፏጭም፣ እንደ ጎማም አያልቅም።

የመጀመሪያው ጥሪ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ የተጠሩትም ወደ አራት ሺሕ የሚጠጉ የሆንዳ መኪኖች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ቁጥሩ እየተባዛ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቶዮታ ብቻውን ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ሲጠራ፣ መንገዳችንን የሞሉት ቪትዝና ኮሮላ በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በመጨረሻ በዓለም ዙሪያ የተጠራው የኤርባግ ማፈንጃ ወደ መቶ ሚሊዮን ደረሰ፤ በመኪና ታሪክ ይህን የሚያህል ጥሪ የለም። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ታካታ የፈተና ውጤት አጭበርብሮ ማቅረቡን በፍርድ ቤት አምኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ በዚያው ዓመትም ከሰረ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አስረዳሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ «በነፃ ነው ያልኸው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ በነፃ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ አልወደድሁትም።»

በእርግጥ ፋብሪካ መኪና የሚጠራው ርኅራኄ አድሮበት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሕግ ጉድለቱን ለባለመኪና እንዲያሳውቅ አስገደደው፤ በ1974 የተጨመረው ደግሞ በነፃ እንዲጠግን አዘዘው። ይህንንም ነገርኋቸው። አጎቴ ግን የክርክር ሰው ናቸውና ነገሩን እንደ ሽማግሌ ዳኛ በየተራ አስቀመጡት።

አንደኛ፣ ከሮብ ገበያ አዲስ አበባ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ፤ ቤንዚን አለ፤ ማደሪያ አለ፤ የሚቀር ገበያ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላውን የሚዘጋ ሆኗል። «ጥገናው በነፃ ነው ትለኛለህ፤ መንገዱን ማን በነፃ ሰጠኝ?» አሉ።

ሁለተኛ፣ ደህና የሚሠራ ዳሽቦርድ ፈትቶ እንደነበረው የሚመልስ ጋራዥ ብርቅ ነው። አንድ ጊዜ ራዲዮ ሊያሠሩ ገብተው መብራቱ ጠፍቶባቸው ወጥተዋል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ፤ ለሮብ ገበያ ሰው ከዚህ የከበደ ተግሣጽ የለም።

ሦስተኛ፣ አገራችን ደጋ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት የሚያበላሸው ዕቃ ቢቸና ላይ ምን ይሆናል?

አራተኛ፣ «ኤርባጉ እንዲፈነዳ መጀመሪያ መጋጨት አለብኝ፤ ከተጋጨሁማ ዕዳዬ ብዙ ነው።»

እነዚህ የሰነፍ ሰበቦች አይደሉም። አሜሪካም ውስጥ ሰው በዚሁ መንገድ አስቧል፤ በየጊዜው ደብዳቤ እየደረሰው መኪናውን ያልወሰደው ባለቤት ብዙ ነበር። የፈለገውም ቢሆን መለዋወጫው አልቆ ለወራት ወረፋ ጠብቋል። ከዚህም የባሰው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተተኩት ማፈንጃዎች ብዙዎቹ ያንኑ ቅመም የያዙ ስለ ነበሩ፣ አንድ ጊዜ ያስቀየረ ሰው ዳግመኛ ተጠርቷል። ጥሪን መጠርጠር የሮብ ገበያ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ሆኖም ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። የደጋው ነገር እውነት ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም አገሩን በሙቀትና በእርጥበት መጠን በሦስት ከፍሎ፣ ሙቅና እርጥብ ያለውን አስቀድሟል። ነገር ግን የአጎቴ መኪና የተወለደችው ደጋ ላይ አይደለም። የመጀመሪያ ዓመታቷን ያሳለፈችው ዱባይ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ የባሕር ወበቅ ስትጠጣ ነው። ቢቸና የደረሰችው በሽታውን ይዛ ነው፤ ደጋው ቢያዘገየው እንጂ አይሽረውም።

የመጋጨቱም ነገር እንዳሰቡት አይደለም። ይህን ጉዳይ ከሌላው የመኪና አደጋ የሚለየው፣ ከሞቱት አንዳንዶቹ ግጭታቸው ቀላል መሆኑ ነው። ኤርባጉ ባይኖር ኖሮ መከላከያው ተጎድቶ፣ ሰውየው በሩን ከፍቶ ወርዶ፣ ከሌላው ሹፌር ጋር ተጨቃጭቆ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ግጭት ነበር። ለማዳን የተቀመጠው ነገር ገዳይ ሆነ።

«እንግዲያው ይነቀላ!» አሉ አጎቴ። ይህም የእሳቸው ሐሳብ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጋራዥ ኤርባጉን ነቅሎ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አጥፍቶ፣ ክዳኑን ያለብሰዋል። መካኒኩን ብጠይቀው ግን ሳቀ። «የሚፈነዳ ነገር ነው። ሥራውን ያልተማረ ሰው በፍሌ ሲነካካው እኔ እዚያ ጋራዥ ደጃፍ አላልፍም» አለኝ።

እኔ የራሴን ወሰንሁ። የፋብሪካው ወኪል ዘንድ ሄጄ ተመዘገብሁ፤ መለዋወጫው እስኪመጣ ወራት ጠበቅሁ፤ ተቀየረልኝ፤ ሥራው ከግማሽ ቀን አላለፈም። ለአጎቴም ስማቸውን አስመዘገብሁ። እሳቸው ግን እሺም እንቢም አላሉ።

ነገሩ የተገለበጠው በሌላ ቀን ስንነጋገር ድንገት በጠየቁኝ ጥያቄ ነው። «የቱ ነው የሚፈነዳው? የእኔ ነው ወይስ የጎኔ?» አሉ።

«የጋቢናው ነው ጋሼ። የመሪው በጥሪው ውስጥ የለም።»

ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አለሁ» አሉ። «እስከ ዛሬ ስመዝን የነበረው የራሴን ነፍስ መስሎኝ ነበር። ለካ የምመዝነው የሰው ነፍስ ነው፤ ያውም ገንዘብ ተቀብዬበት።»

ያን ያህል ጊዜ ስለ ቅመሙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ታካታ የደረደርሁት ሁሉ ያላደረገውን ይህ አንድ ጥያቄ አደረገው። ባለመኪና ጥሪ ሲደርሰው የሚያወጣ የሚያወርደው እንደ ጌታ ነው፤ መኪናው የእሱ፣ ገንዘቡ የእሱ፣ ጊዜው የእሱ። የሚቀመጠው ግን ሌላ ነው። ጋቢና የክብር ቦታ ነው። አባወራው መሪ ሲይዝ ሚስት የምትቀመጠው፣ እናት ከሐኪም ስትመለስ የምትደገፈው፣ እንግዳ የሚጋበዘው እዚያ ነው። ለምናከብረው ሰው የምንሰጠው ወንበር እንዲህ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ ሒሳቡን የባለቤቱ ኪስ ብቻ ሊሠራው አይገባም።

በዚህ ላይ መኪኖቻችን ይበልጥ እያረጁ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ለሁለቱም ምክንያት ይኖራቸዋል። ውጤቱ ግን በእጃችን ያለውን እየጠጋገንን ለብዙ ዓመት መንዳታችን ነው፤ ይህ ቅመም ደግሞ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚከፋ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አደገኛ የተባለውን ኤርባግ ያላስቀየረ መኪና የቴክኒክ ምርመራ እንዳያልፍ አድርጋለች። እኛም ቦሎ ስናድስ ፍሬኑና መብራቱ ሲታይ፣ የሻንሲ ቁጥሩ አብሮ ቢታይ ምን ይከብዳል? ሊብሬው እንደሆነ በእጃችን ነው፤ ቁጥሩም ተጽፎበታል።

አጎቴ ይህን ስጽፍ ገና አልመጡም። መለዋወጫው ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት ተራቸው ያልፋል። እስከዚያው ግን የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል፤ ጋቢና ሰው አይቀመጥም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2014 መለዋወጫ ቢያጥረው የጋቢናውን ኤርባግ አጥፍቶ «እዚህ ማንም አይቀመጥ» ብሎ ደንበኞቹን እንደ መከረ ለአጎቴ አልነገርኋቸውም፤ ራሳቸው ደርሰውበታል። በገበያ ቀን ከሚጭኗቸው አራት ሰዎች የአንዱን ሒሳብ ይከስራሉ ማለት ነው። በቦታው የጤፍ ከረጢት ያስቀምጡበታል።

ባለፈው አንድ ረቡዕ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ልጅ ያዘለች ሴት መኪናዋን አስቁማ ነበር። ኋላው ሞልቷል። ጋቢናው ላይ ጤፉ ተቀምጧል። «ልጄን ብቻ ከዝናብ አስጥልልኝ፤ እቅፌ ላይ አደርገዋለሁ» ብላ ለመነቻቸው። ለዚያች ሴት በዚያ ዝናብ ስለ አሞኒየም ናይትሬት ምን ብለው ያስረዷት? «አይሆንም እመቤቴ» ብለው በሩን ዘጉ።

«ምን አለችዎት?» አልኋቸው።

«ለጤፍ ወንበር ሰጥተህ ለሰው የምትነፍግ፣ እግዜር ይይልህ አለችኝ» አሉ። ትንሽ ቆይተውም፣ «እስቲ ያንን ወረፋዬን ደግመህ ጠይቅልኝ» አሉኝ።