ከዐንበሪያ ጣቢያ እስከ ሐረመይን ባቡር

መዲናን የሚዘይር ሙስሊም ልቡ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ስለማይርቅ፣ ከሐረሙ በስተደቡብ ምዕራብ በእግር የሚደረስበትን የዐንበሪያን የድንጋይ ጣቢያ ሳያይ የሚመለሰው ብዙ ነው። ጊዜ ያገኘ ግን ልጆቹን ይዞ ቢሄድ አይቆጭም። ከደማስቆ ተነሥቶ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጦ በ1908 እ.ኤ.አ. መዲና የገባው የሒጃዝ ባቡር መጨረሻ ይህ ጣቢያ ነበር። ሥራውን በ1900 ያስጀመሩት ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ ሲሆኑ፣ ከህንድና ከግብፅ ሳይቀር ሙስሊሞች ገንዘብ አዋጥተውለታል። ዛሬ ሙዚየም ነው።

ቀድሞ ከደማስቆ የሚነሣ ሑጃጅ በግመል 40 ቀን ያህል ይጓዝ ነበር። በውኃ ጥምና በሽፍታ መንገድ ላይ የቀረው ስንቱ ይሆን! ባቡሩ ያን ሁሉ ወደ ጥቂት ቀናት አወረደው። ኃይሉ ግን የተጣደ የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳኑን ከሚያነሣበት ኃይል የተለየ አይደለም። ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። በብረት ሲሊንደር ውስጥ ሲታፈን ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም በዘንግ አማካይነት መንኮራኩሩን ያዞራል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ወጥቶ ይቀራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነበር፤ ሞተሩ ዘወትር ውኃ ይጠማዋል፣ የሚያልፍበት አገር ደግሞ ውኃ የለውም። ስለዚህ የሚጠጣውን በፉርጎ እየጎተተ ይሄድ ነበር። ግመልን በፍጥነት የቀደመው ማሽን ጥምን በመቻል ከግመል አነሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሐዲዱ ተሰባበረ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆይ ባቡሩ መዲና መምጣቱ ቀረ። መካ ደግሞ ጭራሽ አልደረሰም።

መካና መዲና በሐዲድ የተገናኙት በ2018 ሥራ በጀመረው የሐረመይን ባቡር ነው። 450 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ነዳጅም ሆነ የሚፈላ ውኃ አይሸከምም። ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይቀበላል፤ በትራንስፎርመር ያወርደዋል፤ ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ሽቦ ማግኔት ያደርገዋል፤ ማግኔቶቹም እየተሳሳቡና እየተገፋፉ መንኮራኩሩን ያዞራሉ። ለዑምራ የሚሳፈር ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ባቡሩ በመዲና ሰዎች ሚቃት በዙልሑለይፋ አይቆምም፤ ስለዚህ ገላን መታጠቡና የኢሕራም ልብሱ ከመሳፈር በፊት ይለቅ።

ከዚህ የሚቀጥለው ገና ምኞት ነው። በ2020 ሳዑዲ ዐረቢያ ቨርጅን ሃይፐርሉፕ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ለቅድመ ጥናት ተስማምታ ነበር። አሳቡ አየሩ ተመጦ ከወጣ ቱቦ ውስጥ ጋሪን በማግኔት አንሳፎ መንዳት ነው። ክቡ ሞተር ተተርትሮ በመንገዱ ርዝመት እንደተዘረጋ ቁጠሩት፤ የፊቱ ማግኔት ይስባል፣ የኋላው ይገፋል። የሚጎትተው ነፋስም የለም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ኔቫዳ ሁለት ሰዎች ተሳፍረው በሰዓት 172 ኪሎ ሜትር ሄዱ፤ ይህ ከሐረመይን ባቡር ያንሳል። ኩባንያው በ2023 መጨረሻ ተዘጋ። በእኔ ግምት ስሕተቱ በማግኔቱ ላይ አይደለም፤ የሻንጋይ ባቡር በግልጽ አየር በማግኔት እየተንሳፈፈ ከ2004 ጀምሮ ሰው አመላልሷል። የሚከብደው ቀን በፀሐይ የሚለጠጥን፣ ሌሊት በብርድ የሚኮማተርን የብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የብረት ቱቦ አየር ሳያስገቡ መጠበቁ ነው።